ሸክላ ሠሪ ተብሎ መጠራት
ስለ ባለ እጆች ስምና ስለ ክርስቲያን አንደበት የቀረበ ትምህርት

አስቀድመው የሚነበቡ ክፍሎች፦ ኤር. 18፥1-6፤ ሲራ. 38፥24-34፤ ማር. 6፥1-6



በአዲስ ከተማ የሚገኘውን መርካቶን የሚያውቅ ሰው ተራዎቹ የሚጠሩት በሚሸጥባቸው ዕቃ እንደ ሆነ ያውቃል። ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ ይባላል። ሸክላ ወደሚሸጥበት ሥፍራ የሄደም ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ እንስራውና ማጨሻው ተደርድሮ ያገኛል። ገዢው ዕቃውን አንሥቶ በጣቱ መታ መታ በማድረግ ድምፁን ያዳምጣል፤ ስንጥቅ እንዳለበት ይመረምራል፤ በዋጋው ይከራከራል። «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን ያበጀችው እጅ በሌላ ሥፍራ ትገኛለች።

ይህ ትምህርት ስለዚያች እጅ ባለቤት ስም ነው። ሸክላ የሚሠሩ ወገኖቻችን በሌላው ሰው አፍ ምን ሲባሉ ኖሩ? ራሳቸውንስ ምን ብለው ይጠራሉ? እኛ ክርስቲያኖችስ በየትኛው ስም ልንጠራቸው ይገባል? ጥያቄው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በጥምቀት አንድ አካል የሆኑ ሰዎች በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ መቻላቸውና አለመቻላቸው ብዙ ጊዜ በዚህች በአንዲት ቃል ይታወቃል።

1. ዕቃው ከቤት ይገባል፤ ሠሪዋ በደጅ ትቀራለች

በሀገራችን ሸክላ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አፈሩን ቆፍረው ያመጣሉ፤ ያደርቃሉ፤ ይወቅጣሉ፤ ይነፋሉ፤ በውኃ አቡክተው ያሻሉ። ዕቃው በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ የተወቀጠ ገል ወይም አሸዋ ይቀላቅሉበታል። ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ብቻ፣ ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ያበጁታል፤ በለስላሳ ድንጋይ አሽተው ያለሰልሱታል፤ ከደረቀ በኋላም ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት እሳት ያበስሉታል። በዚያች ሰዓት ነፋስ ቢበረታ ወይም ዝናብ ቢመጣ የብዙ ቀን ድካም ገል ሆኖ ይቀራል።

በአዲስ አበባ ይህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በቀጨኔ ነው። በዚያ የሚኖሩ ባለ እጆች ብዙዎቹ የትውልድ ሐረጋቸውን ከሰሜን ሸዋ ይቆጥራሉ። የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ዕቃ ገበያውን ቢያጣብበውም ሥራቸው ከቤታችን አልወጣም። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ እንጀራው የሚጋገርበት ገጽ ያው ሸክላ ነው። እንግዲህ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል የአንዲት ሸክላ ሠሪ የእጅ ሥራ አለ።

ነገር ግን በብዙ የሀገራችን ክፍል ሠሪዋ ከባለ መሬቱ ጋር በአንድ ማዕድ አትቀመጥም ነበር፤ ልጅዋ ከሌላው ቤተ ሰብ ጋር አይጋባም ነበር፤ ርስት አይኖራትም ነበር። ይህ ልማድ እጅግ ቢቀንስም ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም። ቡናውን ከጀበናው ለመጠጣት ያልተጸየፈ ሰው ጀበናውን ካበጀችው ጋር ቡና ለመጠጣት ይጸየፋል። ይህን የሚቃረን አሠራር በልብ ውስጥ አጽንቶ የሚያቆየው ደግሞ ስም ነው።

2. ሌሎች ያወጡላቸው ስም

በመጀመሪያ «ጠይብ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ምንጩ «ጠቢብ» ነው፤ ጠቢብ ማለትም በግእዝም በአማርኛም ጥበብ ያለው፣ አዋቂ ማለት ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈስ እንደ ሞላው፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት ሥራ ጥበብን እንደ ሰጠው እናነባለን። የእጅ ሥራ ዕውቀት የእግዚአብሔር መንፈስ ስጦታ መሆኑን ይህ ቃል ይመሰክራል። በእኛ ዘንድ ግን ያው ክቡር ስም በአፍ እየተላወሰ መጥቶ የሚሸማቀቁበት ስድብ ሆነ። ቃሉን የለወጠው ከራሱ የመጣ ጉድለት አይደለም፤ የተናጋሪው ንቀት ነው።

ከዚህ የከፋው «ቡዳ» የሚለው ነው። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ በዐይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለው ወሬ ስንቱን ጎረቤት ከጎረቤት እንደ ለየ ሁላችንም እናውቃለን። ሕፃን በታመመ ጊዜ ጥርጣሬው የሚያርፈው በባለ እጂቱ ላይ ነበር። ይህ እምነት ከክርስትና ጋር አይስማማም። የሕይወትና የሞት ጌታ እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን የሚያምን ሰው ለጎረቤቱ ዐይን ይህን ሥልጣን ሊሰጥ አይችልም። ያለ ማስረጃ በወገን ላይ የነፍስ ማጥፋት ክስ ማቅረብም በሐሰት መመስከር ነው።

በሌሎች የሀገራችን ክፍሎችም እንዲሁ ነው። ሸክላ የሚሠሩት ወገኖች በወላይታ ጭናሻ፣ በሲዳማ ሀዲቾ፣ በዳውሮ ማና፣ በከምባታና በሀዲያ ፉጋ ሲባሉ ኖረዋል። እነዚህ ስሞች የወገን መጠሪያ ሆነው ሳለ በባለ መሬቱ አንደበት የዝቅተኛነት ምልክት ሆኑ። በዚህ ገጽ የጻፍናቸውም ለትምህርት ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ካልተጠራበት በቀር ማንም ክርስቲያን ሌላውን በእነዚህ እንዲጠራ አይገባም።

3. አዋጅና ሕግ እስከ ምን ድረስ ሄዱ?

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ ማዋረድ ሀገርን ያለ ሠራተኛ የሚያስቀር መሆኑን ገለጡ፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የመጣ አንድ ዘር እንደ ሆነም አሳሰቡ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር፣ ቅጣቱም የአንድ ዓመት እስራት እንዲሆን አዘዙ። አዋጁ ነገሩን ከትውልድ ሐረግ ላይ አንሥቶ ወደ ጋራ አባትና ወደ ጋራ እናት መመለሱ ዛሬም ለመምህራን ጥሩ መነሻ ነው።

በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት ሲያፈርስ መሬት ያልነበራቸው ባለ እጆችም መሬት የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ለማንኛውም ሰው ክብሩና መልካም ስሙ ሊጠበቅለት እንደሚገባ ይደነግጋል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ የሚገታው በአደባባይ የሚነገረውን ነው። በሠርግ ሽማግሌ ፊት በጆሮ የሚንሾካሾከውን፣ በእድር ቤት ዳር ላይ የሚደረገውን መቀመጫ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውን ቀልድ አዋጅ አይደርስበትም። ወደዚያ የሚደርሰው ወንጌል ነው፤ ወንጌልን የሚያደርሱትም ካህናት፣ መምህራንና ወላጆች ናቸው።

4. ራሳቸው የመረጡት ስም

ባለ እጆች ራሳቸውን የሚጠሩት በአንድ ስም ብቻ አይደለም። አራት መንገዶችን እንለይ።

አንደኛ፣ «ሸክላ ሠሪ ነኝ» የሚሉ አሉ። ይህ ስም ሥራውን በቀጥታ ይናገራል፤ ምንም አይጨምርም፤ ምንም አይደብቅም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኤርምያስ ምዕራፍ 18 የሚጠቀምበትም ይኸው ቃል ነው። ግእዙ «ለብሐዊ» ይለዋል።

ሁለተኛ፣ «ባለ እጅ» ወይም «ባለሙያ» መባልን የሚመርጡ አሉ። ባለ እጅ ማለት እጁ ሥራ የሚያውቅ ማለት ነው፤ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በአንድነት ይይዛል።

ሦስተኛ፣ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩትና ሥራቸውን በባዛር የሚያቀርቡት ብዙ ጊዜ «የእደ ጥበብ ባለሙያ» ይላሉ። በሥነ ጥበብ ትምህርት የሠለጠኑት ደግሞ «የሴራሚክ ባለሙያ» መባልን ይወዳሉ። ይህ ስም በፈቃድ ወረቀትና በገበያ ላይ የሚጠቅም ነው፤ «ጥበብ» የሚለውንም ቃል ወደ ቀድሞ ክብሩ ይመልሰዋል።

አራተኛ፣ በሥራቸው መጠራትን ትተው በእምነታቸውና በወገናቸው የሚጠሩ አሉ። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ወገኖች በሌላው ዘንድ «ፈላሻ» እና «ካይላ» ሲባሉ ኖሩ፤ ራሳቸውን ግን «ቤተ እስራኤል» ይሉ ነበር። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በወለቃ ሥራው በክርስቲያን ሴቶች እጅ ቀጠለ። መንደሩ ግን ለጎብኚዎች የሚተዋወቀው የቀድሞ ነዋሪዎቹ ባልመረጡት ስም ሆኖ ቀረ። በሰሜን ሸዋና በቀጨኔ ካሉ ባለ እጆች መካከልም ራሳቸውን «ቤተ አብርሃም» የሚሉ አሉ።

በሌላው ዓለም ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እንግሊዛዊው በርናርድ ሊች በጃፓን ሸክላ ሥራ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1920 በሀገሩ በሴንት አይቭስ መሥሪያ ቤቱን ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ላሳተመው መጽሐፍም «የሸክላ ሠሪ መጽሐፍ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ሰጠው። እርሱ የተማረ ሠዓሊ ሳለ ተራውን የሥራ ስም እንደ ክብር ለበሰው። በእርሱ ላይ ያ ስም ማዕድ አልከለከለበትም፤ ጋብቻም አላፈረሰበትም። በእኛ ሀገር ያችው ቃል የምትከብደው በላይዋ የተጫነ የብዙ ዘመን ንቀት ስላለ ነው።

ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ለሁሉም የሚሆን አንድ «ጨዋ ስም» ፈልጎ ማውጣት የእኛ ሥራ አይደለም። ስሙን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት እናት ልጅዋን ለማስጠመቅ ወደ ቁምስና መጥታ በመዝገብ ስትጻፍ እናስብ። መምህሩ «እናቴ፣ ሥራዎን ምን ብዬ ልጻፍ?» ይላታል። እርስዋም «ሸክላ ሠሪ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» ትለዋለች። መምህሩ ያዘነላት መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቤት እመቤት ብዬ ብጽፈው አይሻልም?» ቢላት ምን ነገራት? ሥራዋ የሚያሳፍር እንደ ሆነ ነገራት። እርስዋ ሳታፍር የተናገረችውን እርሱ አፈረበት። በቅን ልብ የተደረገ ቢሆንም ይህ ከስድቡ ጋር ዝምድና አለው። በአንጻሩ ሌላይቱ እናት «የእደ ጥበብ ባለሙያ በለኝ» ብትለው «ያው ሸክላ ሠሪ ማለት አይደለም ወይ?» ብሎ ቢከራከራት እንዲሁ በደላት። ሁለቱም እንደ ተናገሩት ሊጻፍላቸው ይገባል።

5. የእግዚአብሔር ቃል ምን ይላል?

ቅዱስ መጽሐፍ የሰውን አፈጣጠር ሲናገር እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር እንዳበጀው ይገልጻል (ዘፍ. 2፥7)። በዕብራይስጡ «አበጀ» የሚለው ግስና «ሸክላ ሠሪ» የሚለው ስም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ስለዚህ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንዲወርድ በታዘዘ ጊዜ ያየው እንግዳ ምሳሌ አልነበረም። የተበላሸውን ጭቃ ሳይጥል እንደ ገና ሌላ ዕቃ አድርጎ የሚያበጀውን እጅ አይቶ የእግዚአብሔርን ትዕግሥት ተረዳ። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔርን አባት ብሎ ከጠራ በኋላ ወዲያው እኛ ጭቃ፣ እርሱ ሠሪያችን እንደ ሆነ ይናገራል (ኢሳ. 64፥8)። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ 9፥20-21 ይህንኑ ምሳሌ ይጠቀማል። እግዚአብሔር ለራሱ ሥራ ምሳሌ አድርጎ የወሰደውን ሙያ እኛ የስድብ ስም ብናደርገው ቃሉ በማን ላይ እንደሚያርፍ እናስተውል።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሸክላ ሠሪውን በሥራው ላይ እንዳለ ይሥልልናል፦ በእግሩ መንኮራኩሩን ሲያዞር፣ በክንዱ ጭቃውን ሲቀርጽ፣ ልቡን ሥራውን በመፈጸም ላይ ሲያኖር፣ ምድጃውን ለማጽዳት ሲተጋ። እነዚህ ሠራተኞች ከሌሉ ከተማ ሊኖር እንደማይችልም ይመሰክራል። መምህራን ግን አንድ ነገር ሊሰውሩ አይገባም። ያው ክፍል ባለ እጆች ለሕዝብ ምክር እንደማይፈለጉ፣ በጉባኤ ከፍ ያለ ሥፍራ እንደሌላቸውም ይናገራል። ጠቢቡ በዘመኑ የነበረውን ሥርዓት ይገልጻል፤ ይሁንና የሚደመድመው እነርሱ የዓለምን ሥራ እንደሚያጸኑ፣ በሙያቸው ውስጥም ጸሎታቸው እንዳለ በመናገር ነው። በሲራክ ዘመን ከጉባኤ ዳር የቀረውን ባለ እጅ ወደ መካከል ያመጣው ራሱ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።

ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ባስተማረ ጊዜ ሰዎች በጥበቡ ተደነቁ፤ ወዲያው ግን ጸራቢ መሆኑን አንሥተው ተሰናከሉበት (ማር. 6፥2-3)። ጸራቢ የሚለው ስም በራሱ ስድብ አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት ግን ከነቢይነቱ ዝቅ ለማድረግ ተጠቀሙበት። ወንጌላዊው በዚያ በአለማመናቸው ምክንያት ከጥቂት ድውያን ፈውስ በቀር ተአምር እንዳላደረገ ይነግረናል። እንግዲህ ሰውን በሙያው ስም መናቅ ጸጋን ከመቀበል ይከለክላል። ጌታችን ስሙን አልካደም፤ ሙያውንም አልደበቀም። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ መሆኑን አላፈረበትም (ሐዋ. 18፥3)።

6. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል ሲያቋቁሙ ቤተ ክርስቲያን ባለ እጅን በመሠዊያዋ ፊት አከበረች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ስላላት ሥፍራ ባወጣው ሰነድ በቁጥር 29 በጾታ፣ በዘር፣ በቀለም፣ በማኅበራዊ ደረጃ፣ በቋንቋ ወይም በሃይማኖት ምክንያት የሰውን መሠረታዊ መብት የሚነካ ልዩነት ሁሉ ከእግዚአብሔር ሐሳብ ጋር የሚቃረን መሆኑን አስተማረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሥራ የሚከብረው በዓይነቱ ሳይሆን የሚሠራው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ ገለጡ (ቁ. 6)። በዚያው መልእክት በቁጥር 26 ቅዱስ መጽሐፍ በአክብሮት የሚያነሣቸውን ሙያዎች ሲቈጥሩ ሐኪሙን፣ አንጥረኛውንና ገበሬውን ከሸክላ ሠሪው ጋር በአንድ ረድፍ አስቀመጧቸው።

7. በየቁምስናችን ምን እናድርግ?

ሀ) ሰውን ስንመዘግብ ወይም በጉባኤ ስናስተዋውቅ በመረጠው ስም እንጥራው። ካላወቅን በትሕትና እንጠይቅ።

ለ) በማኅበር፣ በእድርና በሠርግ ቤት የሚነገረውን የስድብ ቀልድ ዝም ብለን አንለፍ። ዝምታ መስማማት ይመስላልና። ወላጆችም በልጆች ፊት «ቡዳ» የሚለውን ቃል እንዲተዉ እንምከር።

ሐ) ስም ብቻ ለውጠን ማዕድ አንከልክል። «ባለሙያ» ብለው ጠርተው ከቤት የማያስገቡ ሰዎች ልብሱን ቀየሩ እንጂ በሽታውን አልፈወሱም። ከአንድ መሠዊያ ሥጋውንና ደሙን የተቀበሉ ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ቡና በተለያየ ሥፍራ መጠጣት አይገባቸውም።

መ) ጋብቻን ስለ ትውልድ ሐረግ ብቻ የሚያፈርሱ ቤተ ሰቦች ሲያጋጥሙን ካህኑና መምህሩ በትዕግሥት ያስተምሩ። በምሥጢረ ተክሊል ፊት የሚጠየቀው የልጆቹ ነጻ ፈቃድ ነው።

ሠ) የኤርምያስን ምዕራፍ 18 በምናስተምርበት ቀን ሸክላ የምትሠራ እናት ካለች ፈቃድዋን ጠይቀን ስለ ጭቃውና ስለ እሳቱ እንድታስረዳ እንጋብዛት። የነቢዩን ቃል ከእርስዋ በተሻለ የሚያብራራ መምህር ማግኘት ያስቸግራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ባለ እጆች በምን ስም ይጠራሉ? ያን ስም ማን አወጣው?
2. «ጠቢብ» የሚለው ቃል ስድብ ከሆነ በኋላ ወደ ክብሩ ሊመለስ የሚችለው እንዴት ነው?
3. የናዝሬት ሰዎች ኢየሱስን ጸራቢ በማለታቸው ምን አጡ?
4. በቁምስናችን መዝገብ፣ መቀመጫና ማዕድ ላይ ልናስተካክለው የሚገባ ነገር አለን?

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላሉ አባቶቻችን። ትልቁ ዕቃ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ድንጋይ ንቆ መቆም አይችልም። ሸክላ ሠሪዎቻችን የሀገሪቱን ማዕድ ደግፈው የያዙ ናቸው፤ በስማቸው ሲጠሩ ቀና ብለው «አቤት» ለማለት መብት አላቸው።

ጸሎት፦ ከምድር አፈር ያበጀኸን፣ በተሰበርን ጊዜም እንደ ገና የምትሠራን አምላካችን ሆይ፤ አንደበታችንን ከንቀት ጠብቅ፤ ባለ እጆች ወገኖቻችንን በሥራቸው ባርክ፤ ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ሰብስበን፤ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።